የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አንድ ኪቦርድ ለሦስት ሰው

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። የተማሪዎች የፕሮግራሚንግ ውድድር። አንዱን የጻፈችው ልግባ አልግባ እያለች የምታመነታ ተማሪ ናት። አንዱን እናት ጽፈውታል። ሦስተኛው የመጣው ተስፋ ሊቆርጥ ከደረሰ ተወዳዳሪ ነው። እኔም በተማሪነቴ የተወዳደርኩበት፣ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎችን የማለማምድበት ነገር ስለሆነ ሦስቱንም በደስታ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ከክፍላችን ሁለት ልጆች አይሲፒሲ ለሚባለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዓለም አቀፍ የፕሮግራሚንግ ውድድር «ሦስተኛ ሰው ሁኚልን» ብለውኛል። ሁለቱም ሰቃይ ናቸው። የኔ ጂፒኤ 3.4 ነው፤ ኮድ ስጽፍ ግን በጣም እቆያለሁ። የራሴ ላፕቶፕ የለኝም፣ የዶርም ጓደኛዬን ነው የምዋሰው። ወንድሜ ደግሞ «የመውጫ ፈተና እያለብሽ የምን ውድድር ነው?» ይለኛል። እንዲያውም ሰው ስለጎደላቸው ብቻ የጠሩኝ ይመስለኛል። ልግባ ወይስ ልተወው? ከገባሁስ ምን ላጥና? — ቤ.፣ ከጎንደር

መልስ፦ እህቴ፣ ግቢበት። ለምን እንደምልሽ ላስረዳሽ፤ ትንሽ ረዘም ይላል።

መጀመሪያ ውድድሩ ምን እንደሆነ እንየው። የተማሪዎች የሶፍትዌር ውድድር ሲባል ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች አሉ። አንዱ የሃካቶን ወገን ነው። ሀሳብ ይዘሽ ትገቢያለሽ፣ አፕ ወይም ድረ ገጽ ትሠሪያለሽ፣ መጨረሻ ላይ ዳኞች ፊት ቆመሽ ታስረጃለሽ። የማይክሮሶፍት ኢማጂን ካፕም ለዚህ ይቀርባል። ሌላው አንቺ የተጠራሽበት አይሲፒሲ ነው። እዚህ ዳኛው ማሽን ነው። ጥያቄ ይሰጥሻል፣ ፕሮግራም ጽፈሽ ትልኪያለሽ። ማሽኑ አንቺ በማታያቸው ብዙ ፈተናዎች ላይ ያስኬደዋል። ሁሉንም በተወሰነለት ጊዜ በትክክል ከመለሰ አለፈ። በአንዱ ብቻ ከተሳሳተ ወደቀ። ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር የለም።

ውድድሩ ዕድሜ ጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ፍጻሜ በ1977 አትላንታ ላይ ተካሄደ። ዛሬ ከመቶ በላይ አገሮች ተማሪዎች ይሳተፉበታል። ከግቢ ይጀመራል፣ ወደ አገር አቀፍ ያድጋል። ከዚያ የኛ ቡድኖች የሚያልፉት ወደ አፍሪካና አረብ አገሮች ሻምፒዮና ነው። እሱም በተደጋጋሚ ግብጽ ውስጥ ተካሂዷል። እዚያ ጎልቶ የወጣ ወደ ዓለም ፍጻሜ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሕጉ ሦስት ተማሪ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አምስት ሰዓት ነው። ጥያቄዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ይሆናሉ። ኢንተርኔት የለም። ስልክ የለም። ይዘሽ የምትገቢው በወረቀት የታተመ ማስታወሻ ብቻ ነው፤ የገጹም ብዛት ይወሰናል።

ይህን ሕግ ልብ ብለሽ እዪው። የጠየቅሽኝ ነገር አብዛኛው መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። ሦስት ሰው አምስት ሰዓት ሲሠራ በድምሩ 15 ሰዓት ነው። ኪቦርዱ ግን መስጠት የሚችለው 5 ሰዓት ብቻ ነው። የቀረው 10 ሰዓት ያለ ኪቦርድ ያልፋል። በማንበብ፣ ወረቀት ላይ በመሥራት፣ ለጓደኛ በማስረዳት። ቡድን የሚያሸንፍበትም የሚሸነፍበትም ሰዓት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ «ኮድ ስጽፍ እቆያለሁ» ያልሽው ብዙ አያስጨንቅሽ። ጣቷ የፈጠነ ልጅ ሳታስብ ኪቦርዱን ከያዘችው ሁለቱን ጓደኞቿን ሥራ ታስፈታለች። ሁሉን ነገር ወረቀት ላይ ጨርሳ የምትመጣ ልጅ ግን ቀስ ብላ ብትጽፍም አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀምጣ ትነሳለች።

እኔ ተማሪ ሳለሁ የቡድናችን ዋና ሰው ኪቦርዱን ከሁላችንም ያነሰ የሚነካው ልጅ ነበር። እርሳስና ደብተሩን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ጥያቄውን ሁለቴ ያነባል። የተሰጠውን ምሳሌ በእጁ ይሠራዋል። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «እስኪ ስማኝ» ይለኛል። እሱ ሲያስረዳ የኔ ሥራ ማፍረስ ነበር። «ቁጥሮቹ ሁሉ እኩል ቢሆኑስ? አንድ ቁጥር ብቻ ቢሰጥስ? ዜሮ ቢመጣስ?» እላለሁ። ማፍረስ ካቃተኝ ይጻፋል።

አንድ ውድድር ላይ መጨረሻው ሰዓት ደርሶ ሁላችንም ደክመን ነበር። የቀረችን ጥያቄ ስለ ከተሞችና መንገዶች ናት። እኔና ሌላው ጓደኛችን በከባድ አልጎሪዝም (የአፈታት ዘዴ) ልንደፍቃት እንታገላለን። እሱ ጣቱን የጥያቄው ሁለተኛ መስመር ላይ አስቀመጠና «መንገዶቹ ከከተሞቹ በአንድ ያንሳሉ፤ ሁሉም ከተሞች ደግሞ የተገናኙ ናቸው» አለ። ይህ ማለት ነገሩ በሙያው ቋንቋ «ዛፍ» የሚባለው ነው። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ አንድ ብቻ ነው ማለት ነው፤ የሚመረጥ የለም። ያ ሁሉ አልጎሪዝም ቀርቶ በሃያ መስመር ኮድ አለቀች። ያቺን መስመር ሦስታችንም አንብበናታል። ቆም ብሎ ያሰበባት ግን እሱ ነው።

እንግዲህ «ሰው ስለጎደላቸው ነው የጠሩኝ» ላልሽው፣ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ቦታው የሙሉ ሰው ቦታ ነው። እንዲያውም ሁለት ሰቃዮች ብቻቸውን ሲቀመጡ ሁለቱም ኪቦርዱን ይፈልጋሉ፣ ሁለቱም የራሳቸውን ሀሳብ ይወዳሉ። «ቆይ፣ ይሄ ለምን ይሠራል? አስረዳኝ» የሚል ሰው ያስፈልጋቸዋል። አንቺ ያ ሰው መሆን ትችያለሽ። በ3.4 ይህን መጠየቅ ይቻላል፤ በ2.4ም ይቻላል።

ግን ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት አንድ ነገር ተነጋገሩ። ኪቦርዱ በተራ እንደሚዞር ተስማሙ። ያሰበው ሰው የራሱን ይጽፋል። አንቺ ያሰብሽውን ሌላ ሰው ነጥቆ የሚጽፍ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ተመልካች ሆነሽ ትቀሪያለሽ። ይህን የምለው ሴት ተማሪዎች ላይ ደጋግሞ ሲደርስ ስላየሁ ነው። «አንቺ ማስታወሻ ያዢ፣ አንቺ አቅራቢ ሁኚ» ይባላሉ፤ ኮዱ ላይ እጃቸው የለም። በግልጽ ተናገሪ። እሺ ካሉ ጥሩ ጓደኞች ናቸው። እሺ ካላሉ ደግሞ ከባችሽ ሌሎች ሁለት ሰዎች ፈልጊና የራስሽን ቡድን አቋቁሚ። ውድድሩ የሚጠይቀው ሦስታችሁም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆናችሁን ነው።

የውድድሩ ቀን ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ጥያቄዎቹን ሲሰጧችሁ ተከፋፈሏቸው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከመሃል፣ አንዱ ከኋላ ያንብብ። ጥያቄዎቹ የሚጠሩባቸው ፊደሎች (ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ) የክብደት ቅደም ተከተል አይደሉም፤ ቀላሏ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ተደብቃ ልትገኝ ትችላለች። ቀና ብለሽ አዳራሹንም እዪ። አንድ ጥያቄ የፈታ ቡድን ጠረጴዛው ላይ ፊኛ ይታሰርለታል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ቀለም አለው። ቢጫው ፊኛ በየጠረጴዛው ከበዛ ያቺ ጥያቄ ቀላል ናት ማለት ነው። እናንተ ካላያችኋት ያላችሁበትን ትታችሁ አንብቧት።

የነጥቡ አሠራር እንዲህ ነው። ደረጃ የሚወጣው በተፈታ ጥያቄ ብዛት ነው። እኩል ሲመጣ ጊዜ ይታያል። ጥያቄዋ የተፈታችበት ደቂቃ ይመዘገባል። ከዚያ በፊት ልካችሁ ለወደቀው ለእያንዳንዱ ሙከራ 20 ደቂቃ ይጨመራል። በ37ኛው ደቂቃ ፈትታችሁ ከዚያ በፊት ሁለቴ ተሳስታችሁ ከሆነ 77 ይጻፍባችኋል። ስለዚህ «እስኪ ልላከውና ልየው» ዋጋ ያስከፍላል። ሮንግ አንሰር (መልሱ ተሳስቷል) ሲመጣባችሁ ደግሞ ኪቦርዱ ላይ ቁጭ ብላችሁ ስህተት አትፈልጉ። ኮዱን አሳትሙት። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ይዞ ይነሳ። ኪቦርዱ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ። ብዙ ቡድን የሚወድቀው ይህን ስለማያደርግ ነው። ሦስት ሰው አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጦ አንድ ሰዓት ይሄዳል።

ምን ላጥና ላልሽው፣ ከስም ዝርዝር በፊት አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። 200,000 ደረሰኝ አለ እንበል። ተደምረው ልክ አንድ የተባለ ብር የሚሆኑ ሁለት ደረሰኞች አሉ ወይ? አብዛኛው ተማሪ እያንዳንዱን ከእያንዳንዱ ጋር ያጋጥማል። ያ ወደ 20 ቢሊዮን ጥንድ ይመጣል። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ቀላል ሥራ ይሠራል ብለን በግርድፉ ብንይዝ 200 ሰከንድ ይፈልጋል። የተሰጠሽ 2 ሰከንድ ነው። ታይም ሊሚት ይልሻል፤ ጊዜው አለፈ ማለት ነው።

አሁን ደረሰኞቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪያቸው። የግራ ጣትሽን ትንሹ ላይ፣ የቀኝ ጣትሽን ትልቁ ላይ አድርጊ። ድምሩ ካነሰ የግራውን ወደፊት አሳልፊ። ከበለጠ የቀኙን ወደኋላ መልሺ። ጣቶችሽ እስኪገናኙ ቀጥዪ። መደርደሩ ወደ 3.5 ሚሊዮን ሥራ ገደማ ነው። ፍለጋው ከ200,000 አይበልጥም። ከሰከንድ በታች ያልቃል። ለምን ምንም ጥንድ እንደማያመልጥሽ ለራስሽ አስረጂ፤ ማስረዳት ከቻልሽ የዚህን ጥበብ ግማሽ ይዘሻል። አንድ ወጥመድም ልጠቁምሽ። ሲ ፕላስ ፕላስ በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኢንት የሚባለው የቁጥር ዓይነት ከ2,147,483,647 በላይ አይዝም። እያንዳንዳቸው ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ሁለት ቁጥሮችን ስትደምሪ ታልፊዋለሽ፤ ፕሮግራሙም ሳይናገር የተበላሸ መልስ ይሰጣል። ድምር ባየሽ ቁጥር ትልልቅ ቁጥር የሚይዘውን ሎንግ ሎንግ ተጠቀሚ።

ከዚህ በኋላ በዚህ ቅደም ተከተል ሂጂ። መደርደር፣ ባይነሪ ሰርች (የተደረደረውን ለሁለት እየከፈሉ መፈለግ)፣ አሁን ያሳየሁሽ የሁለት ጣት ዘዴ፣ ፕሪፊክስ ሰም (ከመጀመሪያው ጀምሮ እየተጠራቀመ የሚሄድ ድምር)። ከዚያ የግራፍ ነገር (እንደ ከተሞቹና መንገዶቹ ያለ)፣ እሱን የሚያስሱት ቢኤፍኤስና ዲኤፍኤስ። ከዚያ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም የትንንሽ ጥያቄዎችን መልስ እያስቀመጡ ትልቁን መፍታት። የመጨረሻው ጊዜ ይወስዳል፣ አትሸበሪ። ፓይተን በተባለው ቋንቋም መወዳደር ይፈቀዳል፣ ግን ይዘገያል፤ ጊዜ ካለሽ ሲ ፕላስ ፕላስን ልመጂ።

የላፕቶፑ ጉዳይ ያሳስበኛል፤ ቀላል ነው አልልሽም። ነገር ግን አብዛኛው ሥራ ወረቀት ላይ ነው ብዬሻለሁ። የድሮ ውድድር ጥያቄዎች በነፃ ይገኛሉ። የኮምፒውተር ላብ ሲከፈት አሳትሚያቸው ወይም ስልክሽ ላይ አስቀምጪያቸው። መብራት ሲጠፋም፣ ጓደኛሽ ላፕቶፑን ስትፈልገውም ማሰብ ትችያለሽ። ሰኞ ያሰብሽውን ማክሰኞ ላብ ውስጥ ትጽፊዋለሽ። ጓደኛሽን ላፕቶፑን በየትኛው ሰዓት እንደማትፈልገው ጠይቂና ሰዓት ይዘሽ ተዋሺ፤ ሁሌ መለማመጥ ይደክማል፣ ወዳጅነትም ያሻክራል። የቡድን ልምምዱን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት አድርጉት። ማታ አምስት ሰዓት ድረስ ላብ ቆይቶ በጨለማ ወደ ዶርም መመለስ የለም። ልጆቹም ይህን ሳትነግሪያቸው ሊያስቡልሽ ይገባል፤ ካላሰቡ ንገሪያቸው።

ለወንድምሽ ይህን በይው። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ለማለፍ 50 ከመቶ ይጠይቃል። የኮምፒውተር ሳይንሱ ፈተና ውስጥ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም አለ። እሱን የትም አትሸሺውም። ለውድድር ያጠናሽው ለፈተናም ይሆናል። ሸምድደሽ የገባሽውን ትረሺዋለሽ፤ ስትታገዪ ያደርሽበትን አትረሺውም። ኔትወርክና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ግን ከውድድሩ አታገኚም፤ ለነሱ ለብቻ ጊዜ መድቢ። የሚድና የፋይናል ሳምንት ልምምድ የለም ብላችሁ ከአሁኑ ተስማሙ። ወንድምሽ የፈራው ትምህርትሽን እንዳትጥዪ ነው። እሱን ለማሳመን የሚበቃው የሚቀጥለው ሴሚስተር ውጤትሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልልቀቅሽ። ውድድሩ ባለቀ ማግስት ያልፈታችኋቸውን ጥያቄዎች ይዛችሁ ተቀመጡ። ልጆቹ አፕሶልቭ ይሉታል። አምስት ሰዓት ውስጥ ሦስት ፈትታችሁ ከሆነ አራተኛዋ ናት የምታሳድጋችሁ። እሷን ለማየት ትንሽ ብቻ ነበር የጎደላችሁ። መፍትሔውን ከማንበባችሁ በፊት እንደገና ሞክሯት። ካቃታችሁ አንብቡ፣ ዝጉት፣ ከራሳችሁ ጻፉት። ከማለማምዳቸው ተማሪዎች የሚያድጉት ይህን የሚያደርጉት ናቸው። ውድድር ሲያልቅ ፎቶ ተነስተው የሚበተኑት በየዓመቱ እዚያው ሦስት ጥያቄ ላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ አዘጋጅ። ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ከቤት ነው የሚመላለሰው። አንዳንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ በሩን ይዘጋል። እራት ሲቀርብ ስጠራው «ኮንቴስት ላይ ነኝ» ይለኛል። ሲወጣ አንዳንዴ ይፈነድቃል፣ አንዳንዴ ፊቱ ይጠቁራል። በስልክ ለጓደኛው «ደረጃዬ ወረደ፣ ቀለሜን አጣሁ» ሲል ሰማሁት። ሰፈራችን ውስጥ በቤቲንግ የጠፋ ልጅ ብዙ ነው። ልጄን እንዳላስቀይመው ፈርቼ ዝም ብያለሁ። ይሄ ነገር ቁማር ነው ወይ? — እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እናቴ፣ ከጻፉልኝ ምልክቶች ሁሉ የምረዳው ቁማር አለመሆኑን ነው። ስጋትዎ ግን ተገቢ ነው። የሚጠይቁትም በፍቅር ነው።

ልጅዎ የሚገባበት ኮድፎርስስ የሚባል መድረክ ይመስለኛል። ሩሲያ ውስጥ፣ ሳራቶቭ ከተማ ተጀምሮ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተማሪዎች የሚለማመዱበት ነው። ውድድሮቹ ብዙ ጊዜ የሚጀመሩት በሞስኮ ሰዓት ነው፤ የሞስኮ ሰዓት ደግሞ ከኛ ጋር እኩል ነው። በኛ አቆጣጠር 11:35 ይጀምርና ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። 1:35 ገደማ ያልቃል። እራትዎ ላይ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ሰዓቱ ሲጀመር ተጀመረ ነው፤ መሃል ላይ ቢነሳ ጊዜው አይቆምለትም።

ቀለም ያለው ደረጃው ነው። ከውድድር በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይሰጠዋል። ከ1200 በታች ስሙ በግራጫ ይጻፋል። 1200 ሲደርስ አረንጓዴ፣ 1400 ውሃ ሰማያዊ፣ 1600 ሰማያዊ፣ 1900 ሐምራዊ ይሆናል። ከዚያ ብርቱካናማና ቀይ አለ። ጥሩ ከሠራ ይወጣል፣ ካልሠራ ይወርዳል። «ቀለሜን አጣሁ» ያለው ለምሳሌ ከ1400 ትንሽ ወርዶ ወደ አረንጓዴ ተመልሶ ይሆናል። ሯጭ ሰዓቱ ሲበላሽበት እንደሚከፋው ያለ ነው። ገንዘብ አይከፍልም። ገንዘብ አይበላም። ዕድልም ቦታ የለውም፤ ያለው ጥያቄና መልስ ነው።

ዝምታዎን ግን አልደግፍም። ይጠይቁት። ከውድድር ሲወጣ እራቱን አቅርበው «ዛሬ ምን ጥያቄ ነበር? ለኔ አስረዳኝ» ይበሉት። ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግዎትም። ጥያቄዎቹ ብዙ ጊዜ ስለ ሰዎች፣ ስለ ዕቃ፣ ስለ መንገድ የተጻፉ ታሪኮች ናቸው። ለእናቱ ማስረዳት የቻለ ልጅ ለቡድን ጓደኛውም ያስረዳል። ቁማር የያዘው ልጅ ግን ይህ ሲጠየቅ ይሸሻል፣ ስልኩን ይደብቃል፣ ብር ይጠፋል። ልዩነቱን በአንድ ምሽት ያዩታል።

በእንቅልፍ ጉዳይ ግን ይጠንክሩ። አንዳንድ ሌሎች ውድድሮች ሌሊት ይውላሉ። ጠዋት ክፍል ያለው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ኮንቴስት ላይ ማደር የለበትም። እኔ ለማለማምዳቸው ልጆችም የምለው ይህንኑ ነው። የውድድር ቀኖቹ አስቀድመው ይታወቃሉ። ቀኖቹን ጽፎ ይስጥዎት፤ በእነዚያ ቀኖች እራቱን 2 ሰዓት ላይ ያድርጉለት፤ በሌሎቹ ቀኖች ደግሞ እሱ ከቤተሰብ ጋር ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሁለት ዓመት ስዘጋጅ ቆይቻለሁ። አሁን ግን ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የአይሲፒሲን የዓለም ፍጻሜ ጥያቄዎች ፈታ ሲባል ሰማሁ። እውነት ከሆነ እኛ ለምን እንለፋለን? ጓደኞቼ ልምምድ እያቆሙ ነው። — ዳ.፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ባኩ ላይ በተደረገው የዓለም ፍጻሜ 12 ጥያቄ ቀርቦ ነበር። አሸናፊው የሴንት ፒተርስበርግ ስቴት ዩኒቨርሲቲ 11 ፈታ። ከተማሪዎቹ ደረጃ ውጭ ተፈትነው፣ የጎግል ጀሚኒ 10፣ የኦፕንኤአይ ሥርዓት ደግሞ 12ቱንም ፈቱ። «ሲ» የተባለችውን ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ቡድኖች አንድም አልፈታትም። ማሽኖቹ ፈቷት።

ልብህ ቢደነግጥ አይገርመኝም። እኔ የምመልስልህ ከምሠራበት ቦታ ነው። ማሽን የጻፈው ኮድ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል። ጥሩ ይመስላል። መቶ ሰው ሲሞክረው ይሠራል። ብዙ ሰው ሲመጣበት የሚንገዳገድ ኮድ ግን በመሃሉ አለ። ለቤ. ከላይ የጻፍኩላት የ20 ቢሊዮን ጥንድ ነገር በተለያየ ልብስ ተደብቆ ይመጣል። ይህን ኮዱን በማየት ብቻ የሚለዩ ባልደረቦች አሉኝ፤ አብዛኞቹ በተማሪነታቸው እንዲህ ያለ ልምምድ የሠሩ ናቸው። ማሽኑ ምን መጠየቅ እንዳለበት የሚነግሩትም እነሱ ናቸው። ኩባንያው ምን እንደሚፈልግ ሰምቶ፣ ከተዘበራረቀ ወሬ ውስጥ «መንገዶቹ ከከተሞቹ በአንድ ያንሳሉ» የሚለውን መስመር የሚያወጣ ሰው ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት የሠራኸው ይህንን ዓይን ነው። ማሽን 12 ስለፈታ ካንተ የተቀነሰ ነገር የለም።

ሐቀኝነቱ ላይ ግን አደራ እልሃለሁ። በውድድር ሰዓት ኤአይ መጠቀም ክልክል ነው። በኦንላይን ልምምድ ላይ ሰው አያየኝም ብለህ ብታደርገው ደረጃህ ይወጣል፣ አንተ ባለህበት ትቀራለህ። አዳራሽ ውስጥ ኢንተርኔት በሌለበት ስትቀመጥ ወዲያው ይታያል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት ደግሞ አንተን አምነው የተቀመጡ ሁለት ጓደኞችህ ናቸው።

ከውድድር በኋላ ግን ተጠቀምበት፤ ጥሩ አስተማሪ ይሆናል። መፍትሔውን አትጠይቀው። ያሰብከውን ንገረውና «የት ጋ ይፈርሳል?» በለው። የሚያፈርስ ምሳሌ እንዲሰጥህ ጠይቀው። የሰጠህንም በእጅህ ሠርተህ አረጋግጥ፤ ይሳሳታል።

ለጓደኞችህም አንድ ሥራ ይዘህላቸው ሂድ። ያቺ «ሲ» ጥያቄ ስለ ቱቦዎች ናት። ፈሳሽ በተያያዙ ቱቦዎች ተከፋፍሎ ወደ ማጠራቀሚያዎች ይሄዳል፤ ሁሉም በተቻለ ፍጥነት እንዲሞሉ ክፍፍሉን መወሰን ነው። የፍጻሜው ጥያቄዎች በነፃ ይገኛሉ። አውርዳችሁ አሳትሟት። በመጪው ቅዳሜ ሦስታችሁም ያለ ኮምፒውተር፣ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይዛችሁ ተቀመጡባት። መጀመሪያ ሁለት ማጠራቀሚያ ብቻ ያለበትን ሣሉና እሱን በእጃችሁ ፍቱ፤ ከዚያ ሦስት አድርጉት። የማሽኑን መልስ ማየት ከፈለጋችሁ ከሰዓት በኋላ ይሁን።